አክተሩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይሞታል፦ ሮቦኮፕ ለምን አላረጀም?

የድሮ ዴክ

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ የማይሻር ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ ወንድሙን ይገድሉበታል፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ተነስቶ ደሙን ይመልሳል። ሮቦኮፕ የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ይህን ሕግ የሚያፈርሰው ገና ወንበራችን ሳይሞቅ ነው። የዴትሮይቱ ፖሊስ መርፊ አዲስ ጣቢያ ተዛውሮ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን የክላረንስ ቦዲከር ወሮበሎች እየተሳሳቁ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ክንዱን፣ ከዚያ ያገኙትን ሁሉ በጥይት ይበጣጥሱታል። ሲሰለቻቸው ቦዲከር ራሱ ጠጋ ብሎ ጭንቅላቱን ይለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሁሉ "ታዲያ አክተሩ ማነው?" ማለቱ አይቀርም።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው በእኛ ሐምሌ 1979፣ በፈረንጆቹ 1987 ነው (ከዚህ በኋላ ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው)። 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ53 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ይሄ ብቻውን ምንም አይደለም። በዚያ ዘመን ከእሱ የበለጠ ያስገቡ የጡንቻ ፊልሞች ሞልተዋል፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። ስለዚህኛው ግን አሁንም ይጻፋል፣ ጌም ይሠራለታል፣ ሰው ይጣላበታል። ለምን?

ብዙዎች "ብረት ልብሱ ነው" ይላሉ። እኔ ወረቀቱ ነው ባይ ነኝ። መርፊ ሲሞት ኦሲፒ የሚባለው ኩባንያ አካሉን ወስዶ ሮቦት ፖሊስ ያደርገዋል፤ ሮቦኮፕ ማለት እሱ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ሐኪሞቹ የመርፊን አንድ ክንድ ማትረፍ ችለው ነበር። ቦብ ሞርተን የሚባለው የኩባንያው ጎረምሳ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ይናደዳል። የተስማማነው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ አካል እንዲሆን ነው፣ ቁረጡት ይላል። ይቻላል ወይ ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ ሲቀጠር ፈርሟል፣ በሕግ ደግሞ ሞቷል፣ ስለዚህ የፈለግነውን እናደርገዋለን። ይህን ሁሉ የምናየው በመርፊ ዓይን ሆነን ነው፤ በጀርባችን ተንጋለን፣ መናገር ሳንችል፣ ሰዎቹ በላያችን እያወሩ። ለእኔ ከተኩሱ ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ወሮበሎቹ ገደሉት፣ ኩባንያው ግን ንብረቱ አደረገው።

መጨረሻውንም እዩት። ጭንቅላቱ ውስጥ የተደበቀች አራተኛ ትእዛዝ አለች፤ የኩባንያውን ከፍተኛ ኃላፊ እንዳይነካ የምታደርግ። ከእነዚህ ኃላፊዎች አንዱ ዲክ ጆንስ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ በራሱ ድምፅና ምስል ተረጋግጦ እንኳ ሮቦኮፕ ሊነካው አይችልም። ሽማግሌው ሊቀመንበር ጆንስን "ተባረሃል" ሲለው ብቻ ነው ጣቱ ምላጩን የሚስበው። ሁላችንም አጨበጨብን። ግን ሰውየው ነፃ አልወጣም እኮ! ባለቤቱ ሥራ አስኪያጁን አባረረለት፣ ያ ነው የሆነው። ኦሲፒ እዚያው አለ፤ መርፊም የኦሲፒ ነው። እያስጨበጨበ እንዲህ ያለ መራራ ነገር የሚያስውጥ ፊልም ብዙ አላውቅም።

እስቲ ተከራከሩኝ።

ቀልደኛው ሾፌር

አይ የድሮ ዴክ፣ አንተ ውል ትመረምራለህ። እኔ እኮ የማየው ጭኑ ተከፍቶ ሽጉጡ ሲወጣ ለማየት ነው። ውሉን ለጠበቆች ተውላቸው።

ብየዳ ቤት

ሾፌሩ እየቀለደ ቢሆንም ሐቁ ያለው እሱ ጋ ነው። ሐሳብ ብቻውን ፊልም አያኖርም። ጥሩ ሐሳብ ይዘው የተቀበሩ ፊልሞች ስንት ናቸው! ይሄኛው የኖረው የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው ሲያየው ወዲያው ይገባዋል።

ልብሱን የሠራው ሮብ ቦቲን ነው። መርፊን የሚጫወተው ፒተር ዌለር ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሞኒ ያኪም ከሚባል የእንቅስቃሴ መምህር ጋር ለረጅም ጊዜ ሲለማመድ ቆይቷል፤ ቀልጠፍ ያለ፣ እንደ እባብ የሚሽሎከለክ ዓይነት አካሄድ። ልብሱ ግን ዘግይቶ ደረሰ። ሲለብሰው የተለማመደው ሁሉ ገደል ገባ። ከበደው፣ አጣበቀው፣ በዚያ ላይ የ1986 የዳላስ በጋ ነው። ሥራው ቆሞ አካሄዱን እንደገና መፈለግ ነበረባቸው። ዛሬ ልጆች የሚቀዱት ያ ረጋ ያለ አካሄድ፣ አንገቱ ቀድሞ ዞሮ ገላው ቆይቶ የሚከተልበት፣ ከልብሱ ጋር ሲታገሉ የተገኘ ነው። እዚህ ምንም ወረቀት የለም፣ የድሮ ዴክ።

ሌላም ልጨምር። ልብሱ መኪና ውስጥ አልገባ ስላለ ሲነዳ በምናይበት ቦታ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የለበሰው። የመኪና ቁልፍ ተወርውሮለት ቀለብ የሚያደርግባት ቅጽበት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመች እነሱ ናቸው የሚያውቁት፤ ጓንቱ ስፖንጅ ነገር ስለነበር ቁልፉ እየነጠረ ይወድቅባቸው ነበር። እኛ ግን ስናይ ብረት ነው ያልነው። ብረት እንዲመስል ያደረገው ድምፁ ነው። በነገራችሁ ላይ በዚያ ዓመት ኦስካር በልዩ ሽልማት ያከበረው የድምፅ ሥራውን ነበር።

ኢዲ 209ም አለላችሁ። ያን የዲክ ጆንስን ግዙፍ ሮቦት ፊል ቲፔትና ባልደረቦቹ ትንሽ ሞዴል ሠርተው፣ ቅንጣት ታህል እያነቃነቁ፣ አንድ በአንድ ፎቶ እያነሱ ነው ያንቀሳቀሱት። ኮምፒውተር የለም። ለዚህ ነው ክብደቱ የሚሰማን። ያን ሁሉ መሣሪያ ታጥቆ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው፣ ወድቆ እንደ ሕፃን ሲንፈራገጥ... ከዚያ የበለጠ ሮቦት ሲያስቅ አላየሁም።

የድሮ ዴክ

ብየዳ ቤት፣ ራስህ ደረጃውን ስላነሳህልኝ አመሰግናለሁ። ያ ሮቦት ለምን ደረጃ መውረድ አቃተው? ዲክ ጆንስ ራሱ ለሞርተን ይነግረዋል። ለወታደሩ የሚሸጥበት ውል ተረጋግጦ ነበር፣ ለሃያ አምስት ዓመት መለዋወጫ እንሸጥ ነበር፣ ይሥራ አይሥራ ማን ግድ አለው! ይላል። በስብሰባው አዳራሽ ያ ማሽን አንዱን ወጣት ሠራተኛ በጥይት ሲፈጨው ሽማግሌው ያለው ምን ነበር? በጣም አዝኛለሁ፣ ቅር ብሎኛል። ለማን? ለሞተው ልጅ እንዳይመስልህ፤ ለፕሮጀክቱ ነው። ቲፔት እጁ ይባረክ፤ ግን ያን ጥበቡን የት አውሎት እንደሆነ እየው።

ዳላስ ላይ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የዴትሮይት ታሪክ የምትሉት ፊልም የተቀረጸው እዚህ እኔ ከተማ ነው። ዳላስና አካባቢው፣ በተለይ ጋርላንድ በኩል፣ ሐበሻ እንደ ጉድ ነው። ከመሃላችን ግን ያ የኦሲፒ ሕንፃ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ መሆኑን የሚያውቅ ስንት እንደሆነ እንጃ። አርክቴክቱ አይ ኤም ፔይ ነው፣ የተከፈተው በ1978። ወደፊት ያዘነበለ፣ ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ የኮንክሪት ግንብ ነው። ለፊልሙ ሲባል ከላዩ ላይ ሥዕል ቀጥለው ሰማይ ጠቀስ አስመሰሉት። ሥሩ ስትቆሙ የሆነ ነገር ሊጫናችሁ የመጣ ይመስላል፤ ዳይሬክተሩ ለምን እንደመረጠው ያኔ ይገባችኋል።

የሚገርመው ደግሞ በ2025 የከተማው ምክር ቤት ይህንኑ ሕንፃ ለጥገና ብዙ ገንዘብ እናውጣ ወይስ ትተነው እንውጣ እያለ ሲከራከር ነበር። የኦሲፒ ዋና መሥሪያ ቤት በጥገና ወጪ ሊወድቅ ነው ማለት ነው። የፊልሙ ጸሐፊዎች ኑማየርና ማይነር ይህን ቢጽፉት ኖሮ በዛ እንላቸው ነበር።

የመጨረሻው ተኩስ የሚካሄድበት የብረት ፋብሪካ ግን እዚህ አይደለም። እሱ ፔንስልቬንያ፣ ፒትስበርግ አጠገብ፣ ሞነሰን የሚባል ቦታ የነበረ የተዘጋ ፋብሪካ ነው። ያ ዝገት የተቀባ እንዳይመስላችሁ፣ እውነተኛ ነው። ሥራ ያጣ ከተማ ነው የምታዩት።

ሚጢጢ

እኔ ከእናንተ ሁሉ ሳላንስ አልቀርም። ዴክ የሚባለውን ዕቃ በዓይኔ አላየሁም፤ ፊልሙን ያየሁት ቴሌግራም ላይ አውርጄ በስልኬ ነው። ስለዚህ "ትዝታ ነው" የምትሉት ነገር እኔን አይመለከትም።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ደሙ በዝቷል። የመርፊን አሟሟት ሳይ ስልኩን ገልብጬዋለሁ። ምን ለማለት ይሄ ሁሉ እንዳስፈለገ አስረዱኝ። ሁለተኛ፣ ያላነሳችኋት ሴት አለች፤ የመርፊ ባልደረባ ፖሊስ ሉዊስ። የተጫወተችው ናንሲ አለን ናት። በዚያ ዘመን የአክሽን ፊልም ውስጥ ሴት ወይ ትጠለፋለች ወይ ትሳማለች። ይህቺ ግን ሥራዋን ነው የምትሠራው። ፍቅር የለ፣ ዕንባ የለ። ብረቱ ውስጥ ሰው እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። እንዴት አወቀች? ሽጉጡን አሽከርክሮ ወደ ማኅደሩ ሲከተው አይታ። ልጁ በቴሌቪዥን የሚያየውን ጀግና ለማስመሰል ተለማምዷት የነበረችውን ነገር! ኩባንያው ትዝታውን አጠፋሁ ሲል ልጁን ለማስደሰት የተማራት አንዲት የእጅ ልማድ አመለጠችው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ከሽጉጡም ከውሉም በላይ።

ባዶ ቤቱ የሚገባበትም አለ። ሚስቱና ልጁ ትተውት ሄደዋል፣ ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል፣ እሱ ክፍል ለክፍል እየዞረ ሲያስታውስ ስክሪኑ ላይ ያለው ደላላ ቤቱን እያሞገሰ ይለፈልፍበታል። በመጨረሻ ስክሪኑን በቡጢ ሲሰብረው እኔም አብሬው ሰብሬዋለሁ።

ማሽላ እያረረ ይስቃል

ሚጢጢዬ፣ ስለ ደሙ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የፊልም ደረጃ ሰጪዎችም ያንቺው ሐሳብ ነበራቸው። ለአዋቂ ብቻ የሚባለውን ኤክስ እየሰጡ ደጋግመው መለሱት፤ እየተቆረጠ፣ እየተቆረጠ ነው ያለፈው። ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሁቨን ግን አንድ ነገር ይላል፤ ሲቆርጡት የባሰ ጨካኝ ሆነ። ያ የስብሰባ አዳራሽ ግድያ መጀመሪያ እንደተቀረጸው ከልክ በላይ ከመርዘሙ የተነሳ ወደ ቀልድ ይሻገር ነበር። ማሽኑ መተኮሱን አያቆምም፣ ልጁ ከሞተ ቆይቷል፣ ማሽኑ ግን ቀጥሏል፣ ሲያበቃ አንዱ "ሐኪም ጥሩ" ይላል። ሲያሳጥሩት ቀልዱ ጠፍቶ ግድያው ብቻ ቀረ።

የኔ መልስ ለዋናው ጥያቄ ከስሜ ላይ አለ። ይሄ ፊልም ማሽላ ነው፤ እያረረ ይስቃል። በየመሃሉ የሚገቡትን ዜናና ማስታወቂያዎች ተመልከቱ። ደቡብ አፍሪካን የሚገዛው የነጮች ወታደራዊ መንግሥት የኒውትሮን ቦምብ ማሳየቱን ዜና አንባቢዎቹ ፈገግ ብለው ያነባሉ። አፓርታይድ ገና ባልወደቀበት በ1987 ነው እንግዲህ። ጠፈር ላይ የተቀመጠ "የሰላም" መሣሪያ ተሳስቶ ካሊፎርኒያን ያቃጥላል፣ ከሟቾቹ ሁለቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ናቸው፣ አንባቢዋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ቤተሰብ ጠረጴዛ ከቦ በኒውክሌር ቦምብ የሚጫወትበት የጨዋታ ዕቃ ማስታወቂያ አለ። ሰው ሠራሽ ልብ እንደ መኪና በሞዴል የሚያስመርጥ ሆስፒታል አለ። ቤንዚን በመጠጣት የሚኩራራ መኪናም አለ።

ሌላው የወደፊቱን ጊዜ የሚያሳይ ፊልም በራሪ መኪናና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አሳይቶ ያረጃል። ይሄኛው ግን ሰዎች ክፉ ነገር ሰምተው ፈገግ ብለው ወደ ማስታወቂያ ሲያልፉ አሳየ። ስልካችሁን አንስታችሁ ወደ ታች ግፉት እስቲ፤ ሬሳ፣ ሽቶ፣ ሬሳ፣ ቀልድ።

ፊልሙ ውስጥ ሆስፒታል፣ እስር ቤትና የጠፈር ምርምር "ትርፍ የላቸውም" ይባሉ የነበሩ፣ እኛ ግን ያተረፍንባቸው ዘርፎች ናቸው ብሎ የሚፎክረው ማነው? ዲክ ጆንስ። ይህን ሲጽፉ ስላቅ ነበር። ዛሬ የግል እስር ቤትም የግል ሮኬትም የተለመደ ዜና ነው።

ዲያቆን ያልሆነው

አንድ ያልተነካ ነገር አለ፤ ትንሣኤው። ቨርሁቨን እንዲሁ የአክሽን ሰው አይደለም። ሆላንዳዊ ነው፣ በ1938 አምስተርዳም ተወልዶ ልጅነቱን ያሳለፈው ናዚ በያዛት ሄግ ነው፤ ቦምብ፣ የተቃጠለ ቤት፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ እያየ። ላይደን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሒሳብና ፊዚክስ ነው። በኋላ ስለ ታሪካዊው ኢየሱስ ከሚመራመሩ ምሁራን ጋር ተቀምጦ ተከራክሯል፣ መጽሐፍም ጽፏል። ይህ ሰው ነው ስክሪፕቱ ሲላክለት ቂል ነገር ነው ብሎ የጣለው። ሚስቱ ማርቲን አንብባው፣ ውስጡ ነገር አለ፣ እንደገና እየው ባትለው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንከራከርም ነበር።

ያ ነገር ምን ነበር? ሞቶ የተነሳ ሰው። በፊልሙ መጨረሻ በብረት ፋብሪካው ኩሬ ላይ ሲራመድ አይታችኋል? ውሃ ላይ ነው የሚሄደው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ቨርሁቨን ራሱ አሜሪካዊ ኢየሱስ ነው ብሎ ተናግሯል። ለመርፊ አሟሟት ርዝመትና ጭካኔም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ስቅለቱ ካልተሰማን ትንሣኤው አይሰማንም። ሚጢጢ፣ ስልክሽን የገለበጥሽበት ትዕይንት ይሄ ነው።

ስለዚህ የድሮ ዴክ፣ መጨረሻው ላይ አልስማማም። ሽማግሌው "ጥሩ ተኩስ ነው ልጄ፣ ስምህ ማነው?" ሲለው "መርፊ" ብሎ ይመልሳል። ሮቦኮፕ አላለም። የተቀማውን ስም ማንም ሳይሰጠው ራሱ መለሰ። ይሄ ነፃነት ካልሆነ ምን ነፃነት አለ?

የድሮ ዴክ

ዲያቆን፣ ስሙን መመለሱን እቀበላለሁ። ግን ማነው የጠየቀው? ባለቤቱ። የት ቆሞ መለሰ? የኩባንያው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ። ስሙን ጠርቶ ወደ የት ይሄዳል? ሚጢጢ ያነሳችው ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ማታ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የሕፃን ምግብ የመሰለ ድልህ ይመግቡታል። ኢየሱስ ከመቃብር ሲወጣ ለጲላጦስ ተቀጥሮ አልሠራም።

ዲያቆን ያልሆነው

ተው እንጂ! 😄 ለዚህ እኮ ነው አሜሪካዊ ኢየሱስ ያለው። ሽጉጥ የያዘ፣ ፊርማ ያለበት። የአንተም የእኔም አባባል እዚያች አንድ ቃል ውስጥ አሉ፤ ተጋጭተውም አብረው ቆመዋል።

ቀልደኛው ሾፌር

እሺ ጉድ፣ ልክ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ሆነ። ክፉዎቹንስ ማን ያመስግናቸው? ያ ከርትዉድ ስሚዝ መነጽሩን አድርጎ የሒሳብ መምህር መስሎ ይመጣል፣ ከዚያ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ። ቦዲከርን ጡንቻ ለሞላው ወጠምሻ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አናስታውሰውም። የኔ ሠፈር የሒሳብ መምህር ራሱ መነጽሩን ሲያወልቅ እንፈራው ነበር።

ሙዚቃውም! ባሲል ፖሊዶሪስ። ኦርኬስትራው ውስጥ ብረት ሲመታ ትሰማላችሁ። መኪና ውስጥ ከፍቼው ተሳፋሪ "የሠርግ ነው?" ብሎኛል።

ከሚሽጋን

ዴትሮይት አጠገብ ስለምኖር ስለ ሐውልቱ ልንገራችሁ። በ2011 አንድ ሰው ለከንቲባ ዴቭ ቢንግ በትዊተር ለሮቦኮፕ ሐውልት እናቁም ብሎ ጻፈለት። ከንቲባው በትሕትና እንዲህ ያለ እቅድ የለም አለ። ነገሩ ቀልድ ሆኖ ተሰራጨ፣ ሕዝብ በኢንተርኔት ከ67,000 ዶላር በላይ አዋጣ። ከነሐስ ተሠራ፤ ቁመቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ቦታ ጠፋለት። አንዱ እሺ ይላል፣ ይተወዋል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ይተወዋል። ዓመታት ተቆጠሩ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 2025 ኢስተርን ማርኬት በሚባለው የገበያ ሠፈር ቆመ።

ከመካከላችሁ "ቀልድ ነው" የሚል ካለ የከተማዋን ሰው ስሜት ይስማ። በ1950 1.8 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2020 ቆጠራ 640,000 እንኳ አልሞላችም። በ2013 ግዛቱ የሾመው አስተዳዳሪ ከተመረጡት በላይ ሥልጣን ይዞ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተማዋ ከ18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ጋር ኪሳራ አወጀች። መራጩ ሕዝብ ድምፁ የት እንደገባ ሲጠይቅ "ኦሲፒ መጣ" የሚል ቀልድ አፍ ላይ ነበር። አንዳንዱ ነዋሪ ሐውልቱን ይጠላዋል፤ ከተማችንን በወንጀልና በፍርስራሽ ብቻ አሳውቆ የሸጠብን ፊልም ነው፣ ያውም ዳላስ ተቀርጾ፣ ለምን እናክብረው ይላል። ንግግሩ ያስኬዳል። ሌላው ደግሞ ተቆራርጦ ሞቶ የተነሳ ፖሊስ ከእኛ ከተማ በላይ ለማን ይስማማል ይላል። እኔ ሁለተኛው ነኝ፤ ግን አንደኛውን አልንቅም።

ዳላስ ላይ ነኝ

ከሚሽጋን፣ እንዳትቀየሙን፤ ሕንፃውን እናንተ ውሰዱት ካላችሁ እኛም አንከለክልም።

ብየዳ ቤት

የ2014ቱን ድጋሚ ሥራ ያየ አለ? ጆዜ ፓዲያ የሚባል ብራዚላዊ ነው የሠራው፣ ጆኤል ኪናማን ነው መርፊ። ልብሱ ጥቁር፣ እንቅስቃሴው ፈጣን፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ። ክብደት የሚባል ነገር የለውም።

ሚጢጢ

እኔ ሁለቱንም ተከታትዬ ነው ያየሁት፤ ለአዲሱም ሐቁን እንስጠው። የቀረውን አካሉን በመስታወት የሚያሳዩበት ትዕይንት፣ ፊት፣ ሳንባ፣ ልብ፣ አንድ እጅ ብቻ፣ በጣም ያስደነግጣል። ከአሮጌው ፊልም ምንም ያን ያህል አላስደነገጠኝም። ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ መርፊ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሚስቱም አብራው ናት፣ ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ። ስለዚህ የሚፈልገው ነገር የለም። አሮጌው ላይ መጀመሪያ ማሽን ነው፣ ቀስ በቀስ ነው ሰው የሚሆነው። እኛ ከእሱ ቀድመን ስለምናውቅ እስኪደርስብን እየጠበቅን እንሰቃያለን። አዲሱ ይህን ስቃይ አስቀርቶልን ፊልሙንም አስቀረው።

ደግሞ አዲሱ እጁን ትቶለታል፤ ለመጨባበጫ እንዲሆን ብለው። አሮጌው ላይ የተረፈውን ክንድ ቁረጡት አሉ። የትኛው ኩባንያ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው? እኔ እጁን የሚተወው ይመስለኛል።

የድሮ ዴክ

ሚጢጢ፣ ይህን የመጨረሻውን አባባልሽን ብሰርቅሽ እንዳትከሺኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። ይሄ ኩባንያን የሚያላግጥ ፊልም በ1988 የልጆች ካርቱን ተሠራለት። ያ በጥይት የተበጣጠሰ ሰው ለሕፃናት! መጫወቻውም ተቸበቸበ። ቀጥሎ ሁለተኛውና ሦስተኛው መጡ፤ በሦስተኛው ላይ ደሙን ቀንሰው ታዳጊ እንዲያየው አደረጉት፣ ዌለርም ልብሱን ለሌላ ተዋናይ ለቋል። ፊልሙን የሠራው ኦራይን ፒክቸርስ በ1991 ኪሳራ ውስጥ ገባ። በ1997 ኤምጂኤም ገዛው። ኤምጂኤምን ደግሞ በ2022 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ማነው? አማዞን። ሮቦኮፕ ዛሬ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ደመና የሚያከራየው፣ ፊልም የሚያሳየው የዚያ ኩባንያ ንብረት ነው። ከዚህ በኋላ ስለ መጨረሻው ትዕይንት ለምን እንደምከራከር ይገባችኋል።

ማሽላ እያረረ ይስቃል

ፊርማው አሁንም ይሠራል በላ!

አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ፊልሙን ግን አላየሁትም። ሁለት ዓይነት አለ ሲሉ ሰማሁ። የቱን ልይ? ከዚያስ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልቀጥል?

ማሽላ እያረረ ይስቃል

እንኳን ደህና መጣህ። ያልተቆረጠውን፣ የዳይሬክተሩን እትም ፈልግ። የርዝመት ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ያ አንድ ደቂቃ የስብሰባ አዳራሹ ውስጥና የመርፊ አሟሟት ላይ ነው ያለው፣ ቀልዱም እዚያው ነው። ደም ካልወደድክ ሲኒማ የታየውን እይ፣ የሚጎድልብህ ብዙ የለም።

ሚጢጢ

በስልክ አትየው ብቻ። እኔ ያን ያህል ያወራሁት በስልክ አይቼው ነው፤ ኢዲ 209 ትልቅ መሆን አለበት።

ብየዳ ቤት

ሁለተኛውን እይ። ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ነው፣ ኢርቪን ከርሽነር፤ ታሪኩ የተበታተነ ነው፤ ግን ቲፔት መጨረሻው ላይ የሠራው የሁለት ሮቦቶች ፍልሚያ የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው ይበቃል። በሦስተኛው ሮቦኮፕ ይበርራል። ምርጫው ያንተ ነው።